አሞሌና ዝናብ፤ ስለ ሟሚነት ከጨው ታሪክ

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ይህን የተናገሩት አባቶቻችን ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ሆኖም ነገሩን አልሳቱትም። ምላስ የሚቀምሰው በምራቅ የሟሟውን ብቻ ነው። ድንጋይ ጣዕም የሌለው ስለማይሟሟ ሲሆን፣ አሞሌ ግን ሲያዩት ድንጋይ ቢመስልም ምራቅ ሲነካው ማንነቱን ይገልጻል።

በክፍል ውስጥ እንደ ተማርነው የሚሟሟው ነገር ሟሚ፣ የሚያሟሟው አሟሚ፣ ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙሙት ይባላሉ። በአገራችን ግን ሟሚነት የደብተር ቃል ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጉዳይ ነበር። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1512 ዓ.ም. የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚገኝበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ጨዉ በአፋር በረሓ ተቈርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣና ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጋገረ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላም አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልጠፋም።

እንግዲህ ሌባ ብቻ ሳይሆን ዝናብም የሚሰርቀውን ገንዘብ አስቡት! ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ተጓዘ? አንደኛ፣ ውሃ የሚነካው የአሞሌውን ውጭ ብቻ ነው፤ የተፈጨ ጨው ግን በየቅንጣቱ ዙሪያ ሁሉ ስለሚነካ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ 100 ግራም ውሃ ከ36 ግራም ገደማ በላይ ጨው መሸከም አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ሙሙቱ ይጠግባል። ጥቂት ጤዛ የሚወስደው ጥቂት ነው። የክረምት ጎርፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ እየታደሰ ስለሚመጣ አይጠግብም።

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጡ ሽማግሌዎች አሉ። እኔም የጨው ቅንጣት በትኩስ ቡና ውስጥ ወዲያው ሲጠፋ እያየሁ፣ ትኩስ ውሃ እጅግ ብዙ ጨው የሚያሟሟ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 39 ግራም ያህል ጨው ያሟሟል። ሙቀት ፍጥነቱን እጅግ ይጨምረዋል እንጂ መጠኑን ብዙም አይለውጠውም። ስኳርን ብናይ ግን ከ200 ግራም ወደ 490 ግራም ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ጨዋማ ውሃን በማቀዝቀዝ ጨው ማግኘት አይቻልም፤ ውሃው ራሱ መወገድ አለበት። በአፍዴራ ሐይቅ ዳር የሚሠራውም ይኸው ነው፤ ውሃው በገንዳ ተዘርግቶ ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨዉ ይቀራል።

ነገር ግን ዝናብ ከአሞሌ የባሰ ነገር ሰርቆናል። አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከደጋው አፈር እየሟሟ ለብዙ ሺህ ዓመታት በወንዝ ወደ ባሕር ወርዷል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በእንዲህ ያለ ደጋ አፈር ላይ የበቀለ እህልና እንሰት አዮዲን ያንሰዋል። በእናቶች አንገት ላይ የምናየው እንቅርት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው፤ በማሕፀን ያለ ሕፃንም አእምሮው ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒቱ እንደገና ጨው ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው ቀረ፤ በምትኩ የመጣው የአፍዴራ ጨው አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 89 ደረሰ።

ለዚህ የተመረጠው ፖታሲየም አዮዴት ነው። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 144 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ሲያሟሟ፣ ከአዮዴቱ የሚያሟሟው 8 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በእርጥብ ገበያ በጆንያ ለሚቀመጥ ጨው፣ በቀላሉ የማይሟሟውና የማይበላሸው ይሻላል።

ሆኖም አዮዴቱ የሚረጨው በቅንጣቱ ላይ ነው። እናቴ ከገበያ ያመጣችውን ሻካራ ጨው አፈሩ እንዲለቅ በውሃ አጥባ ውሃውን ትደፋው ነበር። ከአፈሩ ጋር አዮዲኑም እንደሚሄድ ነገርኳት። «ታዲያ ልጄ፣ አፈሩን እንብላው ወይ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አሁን የታሸገውን ደቃቅ ጨው ትገዛለች፤ ከምድጃው አርቃ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጠውና ወጡ ሊወርድ ሲል ትጨምረዋለች።