ዳኝነትና ሹመት በሞያሌ ወሰን

ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት ሕግ የምትዳኝ የወሰን ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1907 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተዋዋሉት የወሰን ውል፥ በኋላም ኢትዮጵያና ኬንያ በ1970 የተፈራረሙት ስምምነት፥ ሰሜኑን ወገን ለኢትዮጵያ፥ ደቡቡን ወገን ለኬንያ አድርጎታል። ቦረናው፥ ገብራው፥ ገሪው፥ ቡርጂውና ሶማሌው ግን ዘመዱ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ነው። ስለዚህ በሞያሌ የሚኖር ሰው ሕግ ምን እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ በቶሎ ይማራል፤ ጥቂት እርምጃ በተራመደ ጊዜ ዳኛው ይለወጥበታልና።

የፍርድ መበላሸት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው በስውር የሚሰጠውን መማለጃ ብቻ ነው። ነገር ግን ከገንዘብ የሚብስ ሌላ መማለጃ አለ፤ ይኸውም ሿሚን መፍራት ነው። ገንዘብ የተቀበለ ዳኛ አንዱን ነገር ያጣምማል፤ ሿሚውን የሚፈራ ዳኛ ግን ባለሥልጣን ያለበትን ነገር ሁሉ ያጣምማል። በኬንያ በኩል ያለችው የሞያሌ ታሪክ ይህን ነገር ገልጦ ያሳያል።

አስቀድሞ በዚያ አገር የቦረና ሕዝብ በገዳ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግ ይታወጃል፥ የቀድሞውም ሕግ ይመረመራል፤ የዕለት ነገር ደግሞ በሽማግሎች ሸንጎ ይታያል። ይህ ሥርዓት እንከን የሌለው ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ፍርዱ በአደባባይ በሕዝብ ፊት ይሰጥ ስለ ነበር፥ ሽማግሌው ሲያደላ የሚያየው ብዙ ዓይን ነበረ።

የእንግሊዝ አስተዳደር በመጣ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በ1902 የወጣው ድንጋጌ ሩቅ አውራጃዎችን ያለ ፈቃድ እንዳይገባባቸው ለመዝጋት ለገዥው ሥልጣን ሰጠ፤ የሰሜን ድንበር አውራጃ የተባለውም አገር፥ ሞያሌን ጨምሮ፥ በ1926 ዝግ ሆነ። በ1934 የወጣው የልዩ አውራጃዎች አስተዳደር ድንጋጌ ደግሞ፥ የመንግሥት ጠላት ነው የተባለውን ነገድ በሙሉ ለማሰርና ከብቱን ለመውሰድ ለአገረ ገዥዎች ፈቀደ። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ባጠፋው ጥፋት ዘመዱ ሁሉ ይቀጣ ጀመር። ግብር የሚሰበስበው፥ ፖሊስ የሚያዝዘው የአውራጃ ሹም ራሱ በዳኝነት ወንበር ይቀመጥ ነበር። ሹሙ ከብቱን የወሰደበት ሰው ለማን ይክሰስ? ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሆኖበታልና ወደ ማን ይጩኽ?

ኬንያ በታኅሣሥ ወር 1963 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ ይህ ቀንበር ይወርዳል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ወዲያው በሰሜን የሽፍታ ጦርነት የተባለው ተነሣና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በ1966 የወጣው ደንብ የሰሜን ምሥራቅን ክፍለ ሀገርና ሞያሌ ያለችበትን የማርሳቢትን አውራጃ ጭምር ያዘ፤ ሰውን ያለ ፍርድ አስሮ ማቈየትንም ፈቀደ። ጦርነቱ በ1967 ከበረደ በኋላ፥ በ1970 የኬንያ ምክር ቤት የካሳ መከልከያ ሕግ አወጣ። ይህም ሕግ ከታኅሣሥ 25 ቀን 1963 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 1967 ድረስ በእነዚያ አውራጃዎች የመንግሥት ሠራተኞችና ወታደሮች በቅን ልቡና ስላደረጉት ነገር በፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ ከለከለ። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም ለዳኛ ጉቦ አልሰጠም፥ ማንም ዳኛም አላደላም፤ በሩ ራሱ በሕግ ተዘጋ እንጂ። የአስቸኳዩም ዐዋጅ እስከ 1991 ድረስ አልተነሣም።

በሰሜን የተለመደው ነገር ቈይቶ በዋናው ከተማም ታየ። በ1988 በተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የኬንያ ዳኞች የሹመት ዋስትናቸውን አጡ፤ ፕሬዚዳንቱ ሲፈልግ ሊሽራቸው ቻለ። ዋስትናው በ1990 ቢመለስም ፍርሃቱ ግን አብሮ አልወጣም። ፍርሃት ባለበት ጉቦ ይከተላል፤ ለሹም ያጐነበሰ ዳኛ ለባለ ገንዘብም መጐንበስ አይከብደውምና። በ2003 የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ባቀረበው ዘገባ፥ ከ9 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች 5ቱን፥ ከ36 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች 18ቱን፥ ከዚህም ሌላ 82 የበታች ዳኞችን በጉቦና በምግባር ጉድለት ጠቀሰ። ሆኖም ስማቸው መልሳቸው ሳይሰማ በአደባባይ ስለ ወጣ፥ ከተጠቀሱትም አንዳንዶቹ በኋላ ነጻ ስለ ሆኑ፥ ፍርድን ለማጽዳት የተነሣው ሥራ ራሱ የፍርድ ሥርዓት ጐደለው ተብሎ ተነቀፈ።

በነሐሴ ወር 2010 የጸደቀው አዲሱ ሕገ መንግሥት ይህን ሁሉ ለማረም ተነሣ። ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱና ከሕግ በቀር ለማንም እንዳይታዘዝ ደነገገ፤ የዳኞችን ምርጫ ለአንድ ኮሚሽን ሰጠ፤ ነባሮቹ ዳኞች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አዘዘ፤ የሽማግሎችም ዕርቅ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እስካልተቃረነ ድረስ እንዲደገፍ አደረገ። መስከረም 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ4 ድምፅ በ2 ላይ፥ በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሲሰርዝ ብዙ አገር ተደነቀ። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ወዲያው ዳኞቹን በአደባባይ ሰደበ፤ በ2019ም ኮሚሽኑ ያቀረበለትን 41 ዳኞች አልሾምም ብሎ ወደ ሁለት ዓመት ያህል አቈየ። በ2021 34ቱን ሲሾም 6ቱን ተዋቸው፤ እነዚህም የተሾሙት በ2022 አዲስ ፕሬዚዳንት በተተካ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕግ ጥሩ መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉን የሚፈራ ሹም ያስፈልጋል።

በሰሜን ወገን ያለው ሞያሌም ከዚህ ትምህርት የራቀ አይደለም። የ1955 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ዳኞች ፍርድ ሲሰጡ ነጻ እንደ ሆኑ በ110ኛው አንቀጽ ተናገረ፤ ነገር ግን የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፥ ከፍርድ ቤቶችም በላይ የዙፋን ችሎት ነበረ። የ1995ቱም ሕገ መንግሥት የዳኝነትን ነጻነት በ79ኛው አንቀጽ ደንግጓል። የጽሑፉ ቃል በሁለቱም ወገን ያማረ ነው። ነገር ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በሕዝብ አፍ እስካለ ድረስ፥ ሹመት አደራ መሆኑ ቀርቶ እንጀራ ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ደግሞ ያው ሕዝብ «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛውን ባለበት የሚያቆም ልማድ ነበረው። ወታደር ሳይኖር፥ ሰንሰለት ሳይኖር፥ ተከሳሽ በቃል ብቻ ይቆም የነበረው ፍርድ አለ ብሎ ስላመነ ነው። ይህ እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ በዐዋጅ አይመለስም።

የመምህራንም ድርሻ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሕፃን ፍርድ ቤት ከማየቱ አስቀድሞ ክፍሉን ያያል፤ ከዳኛም አስቀድሞ መምህሩን ያውቃል። የሹም ልጅ ያልሠራበትን ነጥብ ሲያገኝ፥ ወይም አንዱ ስላጠፋ ክፍሉ በሙሉ ሲገረፍ ያየ ልጅ፥ የ1934ን ድንጋጌ ሳያነብ ተምሮታል። በሥራው ልክ የተመዘነ፥ ሲከሰስም መልሱ የተሰማለት ልጅ ግን፥ ነገ በየትኛውም የወሰን ወገን ቢቀመጥ፥ ፍርድ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። የትምህርት ሹማምንትም መምህሩ ስለዚህ ነጥብ በሹም ሲቈጡት ከኋላው መቆም ይገባቸዋል፤ መምህሩን ብቻውን የተወ አለቃ፥ ዳኛውን ብቻውን ከተወው መንግሥት አይለይምና።