አንድ ወንዝ፣ ሦስት መንግሥታት፦ በአሜሪካ የውኃ ጥበቃ ሥልጣን እንዴት ይከፋፈላል?

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው አባባል የመጣው ከወንዝ ዳር ነው። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ሲጠጡ ጅብ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ከሰሳት ይባላል። ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አህያ ያጣችው አቤት የምትልበትን ዳኛ ነው። የወንዝ አስተዳደር ዋና ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከላይ ያለው ሲበክል ከታች ያለው ምን ማድረግ ይችላል?

በአሜሪካ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ሦስት መንግሥታት ናቸው፤ እነርሱም የፌዴራሉ መንግሥት፣ የግዛቶች መንግሥታት እና የነባር ሕዝቦች የጎሳ መንግሥታት ናቸው። የሁለቱ ድርሻ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 መሠረት ደግሞ ክልሎች በዚያ ሕግ መሠረት ሀብቱን ያስተዳድራሉ። በአሜሪካ ለየት የሚለው ሦስተኛው አካል ነው። በዚያ ከ570 በላይ ጎሳዎች በፌዴራሉ መንግሥት ዕውቅና የተሰጣቸው ሲሆን፣ የራሳቸውን አስተዳደር የመምራት መብት አላቸው።

የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ የሚሠራበት የንጹሕ ውኃ ሕግ መሠረት የተጣለው ደግሞ በ1972 ነው። በሕጉ መሠረት ፋብሪካም ሆነ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ በቱቦ ወደ ወንዝ ፍሳሽ የሚለቅ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛውን መስፈርት ያስቀምጣል። ግዛቶች ደግሞ እያንዳንዱ ወንዝ ለመጠጥ፣ ለመስኖ ወይም ለዓሣ እርባታ የሚውል መሆኑን ለይተው የውኃ ጥራት ደረጃ ያወጣሉ። ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፤ የላላ ግን አይፈቀድላቸውም። አብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃዱን የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ጎሳዎች ወደዚህ ሥርዓት የገቡት ሕጉ በ1987 ሲሻሻል ነው። ማሻሻያው አንድ ጎሳ አራት ሁኔታዎችን ካሟላ በውኃ ጥበቃ ረገድ እንደ ግዛት እንዲቆጠር ፈቀደ። ጎሳው የፌዴራል ዕውቅና ሊኖረው፣ ሥራውን በአግባቡ የሚያከናውን አስተዳደር ሊኖረው፣ ውኃው በተከለለ መሬቱ ውስጥ የሚገኝ ሊሆን፣ እንዲሁም ሥራውን ለመወጣት የሚያስችል አቅም ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሥልጣን በተግባር የተፈተነው በኒው ሜክሲኮ ግዛት ነው። የኢስሌታ ጎሳ መሬት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ፣ ከአልበከርኪ ከተማ በታች ይገኛል። የከተማዋ ፍሳሽ ማጣሪያ ውኃውን የሚለቀው ከጎሳው ወሰን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ጎሳው በወንዙ ማሳውን ያጠጣል፤ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱንም ይፈጽምበታል። በ1992 ከግዛቱ የጠበቀ የውኃ ጥራት ደረጃ አወጣ፤ የፌዴራሉ ኤጀንሲም አጸደቀው። ይህ ማለት ከተማዋ ፈቃዷ ሲታደስ ከታች ያለውን የጎሳውን ደረጃ ማክበር ይጠበቅባታል ማለት ነው።

ከተማዋ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደች። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ኤጀንሲው ትክክል መሆኑን ወሰነ። ጎሳው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንደሚችል፣ ደረጃውም ከወሰኑ ውጭ፣ ከላይ ባለው ፍሳሽ ለቃቂ ላይ ተፈጻሚ ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1997 ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበለው ቀረ። በመሆኑም ትንሹ ጎሳ በትልቁ ከተማ ላይ ያገኘው ድምፅ ጸና።

ሥርዓቱ ግን እንከን የለሽ አይደለም። ደረጃ ማውጣት የውኃ ናሙና መመርመርን፣ ባለሙያና በጀትን ይጠይቃል፤ ዕውቅና ካላቸው ጎሳዎች ይህን ሥልጣን እስካሁን ያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። በኦክላሆማ ግዛት ደግሞ በ2005 በወጣ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ጎሳዎች ይህን ሥልጣን ለማግኘት ከግዛቱ ጋር ስምምነት ላይ መድረስ አለባቸው።

ሌላው ክፍተት ገበሬውን በቀጥታ ይመለከታል። ሕጉ ፈቃድ የሚጠይቀው በቱቦ ወይም በቦይ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። ዝናብ ከእርሻ ማሳ አጥቦ የሚያመጣው ማዳበሪያና ጸረ ተባይ መድኃኒት፣ እንዲሁም ከመስኖ የሚመለሰው ውኃ፣ ከፈቃድ ግዴታው ነፃ ናቸው። ይህን ብክለት መቀነስ በአብዛኛው ለግዛቶች መርሐ ግብርና ለገበሬው በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ጎሳ የከተማን ቱቦ መቆጣጠር ቢችልም፣ ከጎረቤት ማሳ የሚመጣውን ለማስቆም በሕጉ የሚያገኘው ኃይል አነስተኛ ነው።

ከዚህ ተሞክሮ የሚወጣው ቁም ነገር ሥልጣንን መከፋፈል ብቻውን ወንዝን አያጠራም የሚል ነው። በኢስሌታ ለውጥ ያመጣው ከታች ያለው ሕዝብ ለውኃው የሚፈልገውን ንጽሕና በጽሑፍ ማስፈሩ፣ ያንንም ከላይ ያለው እንዲያከብረው በሕግ መገደዱና ክርክር ሲነሳ የሚዳኝ አካል መኖሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ከታች ያለው ከአህያዋ የተሻለ ዕድል አይኖረውም።