ሰባት ተዋጊ፣ አንድ መንደር፦ የአንድ ፊልም ታሪክ ጉዞ

እስቲ ይሄን ታሪክ አንብቡና የየትኛው ፊልም እንደሆነ ገምቱ። አንዲት የገበሬ መንደር አለች። እህል በደረሰ ቁጥር ሽፍቶች በፈረስ መጥተው ይዘርፏታል። ገበሬዎቹ ምርር ሲላቸው ተሰብስበው ይመክሩና የሚዋጋላቸው ሰው ለመፈለግ ይወስናሉ። ጥቂት ሥራ የፈቱ ተዋጊዎች እሺ ብለው ይመጣሉ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይላመዳሉ፣ ሽፍቶቹንም ያሸንፋሉ። ከእነሱ መካከል ግን የሚሞቱ አሉ።

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ጓደኛችሁ “ይሄማ ‘ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን’ ነው” ይላል። የጃፓን ፊልም የሚያውቅ “ሰባቱ ሳሙራይ” ይላችኋል። በህንድ ፊልም ያደገ አጎት ካላችሁ ደግሞ “ሾላይ” ሊል ይችላል። ታናሽ እህታችሁስ? የጉንዳኖቹን ካርቱን ትጠራ ይሆናል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ልክ ናቸው።

ሴራ የምንለው በአንድ ታሪክ ውስጥ ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተያያዙበትን መንገድ ነው። ዘውግ ደግሞ ታሪኩ የሚለብሰው ልብስ ነው፦ ካውቦይ፣ ኮሜዲ፣ አኒሜሽን። ሴራው አንድ ሆኖ ልብሱ ሲቀየር ለታሪክ ተመራማሪ ጥሩ አጋጣሚ ይፈጠራል። አንድ ኅብረተሰብ ከሌላው የወሰደውን ሴራ ሲደግም የትኛውን ክፍል እንዳለ ተወው? የትኛውንስ ሳይቀይር ማለፍ አልቻለም? እኔ ሁልጊዜ የምከታተለው ጦርነቱን ሳይሆን ፍቅሩን ነው። ከየፊልሙ አንድ ጥያቄ ይዤ እወጣለሁ፦ ከውጭ የመጣው ተዋጊና የመንደሯ ሴት መጋባት ይችላሉ?

መነሻው ጃፓን ነው። አኪራ ኩሮሳዋ “ሰባቱ ሳሙራይ”ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የአሜሪካ ጦር ጃፓንን ያስተዳደረበት ዘመን ያበቃው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1952 ነበር። በዚያ ዘመን የጎራዴና የጌታ ታማኝነት ፊልሞች በሳንሱር በብርቱ ይገደቡ ነበር። ኩሮሳዋ ወደ ሳሙራዮቹ ሲመለስ ታዲያ ሊያወድሳቸው ብቻ አልነበረም። ፊልሙ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል፤ በእኔ ግምት ልቡ ያለው በአንድ ትዕይንት ውስጥ ነው።

ከሰባቱ አንዱ ኪኩቺዮ የሚባል ቀልደኛና ለፍላፊ ሰው ነው፤ የሚጫወተው ቶሺሮ ሚፉኔ ነው። አንድ ቀን በመንደሩ ተደብቆ የነበረ ጥሩርና የጦር መሣሪያ አግኝቶ እየተደሰተ ያመጣል። ሌሎቹ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ዕቃው ከየት እንደመጣ ገብቷቸዋል፦ ገበሬዎቹ ከጦርነት የሸሹ ሳሙራዮችን እያደኑ ገድለው የገፈፉት ነው። ኪኩቺዮ ይፈነዳል። አዎ፣ ገበሬ ስስታም ነው፣ ውሸታም ነው፣ ነፍሰ ገዳይም ነው ይላቸዋል። ግን እንዲህ ያደረገው ማነው? እናንተ ናችሁ፤ መንደሩን የምታቃጥሉ፣ እህሉን የምትወስዱ፣ ሴቱን የምትደፍሩ! ከዚያ ድምፁ ይሰበራል። መሪው ካምቤይ ዕንባ በዓይኑ ሞልቶ “አንተ የገበሬ ልጅ ነህ አይደል?” ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀዋል። መልስ የለም።

ይሄ ቁጣ ከእውነተኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ፊልሙ የሚተርከው ስለ 16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1588 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የተባለው ገዥ ከገበሬዎች ጎራዴና ሌላ መሣሪያ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ በ1591 ደግሞ ተዋጊው ወደ ገበሬነት ወይም ወደ ነጋዴነት እንዳይለወጥ ከለከለ። የሚገርመው ሂዴዮሺ ራሱ ከተራ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነበር። እሱ የወጣበትን መሰላል ከላይ ሆኖ ሳበው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ፍቅሩ። ትንሹ ሳሙራይ ካትሱሺሮ ሺኖ የምትባል የገበሬ ልጅ ይወዳል። አባቷ ሳሙራዮቹ ከመምጣታቸው በፊት ፈርቶ ፀጉሯን በግድ ቆርጦታል፤ ወንድ ልጅ እንድትመስል። ሁለቱ አብረው መሆናቸውን ሲያውቅ ይደበድባታል። በመጨረሻው ትዕይንት ሽፍቶቹ አልቀዋል፣ መንደሩ በከበሮና በዘፈን ሩዝ ይተክላል። ሺኖ በካትሱሺሮ አጠገብ አልፋ ወደ ማሳው ትገባለች። እሱ መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል። ካምቤይም ያሸነፉት ገበሬዎቹ እንጂ እኛ አይደለንም ይላል። የጃፓኑ መልስ ይሄ ነው፦ አይችሉም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ጆን ስተርጅስ ሴራውን በሕጋዊ መንገድ ወስዶ ወደ ሜክሲኮ ድንበር አመጣው። “ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን” በ1960 ሲወጣ መነሻው የጃፓኑ ፊልም መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ቀረጻው የተካሄደው ሜክሲኮ ውስጥ ስለነበር የዚያ አገር ሳንሱር እጁን አስገባ። የሜክሲኮ ገበሬ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ሆኖ እንዲታይ አልፈለጉም። ስለዚህ በዚህ ፊልም ገበሬዎቹ መጀመሪያ የሚወጡት ሰው ሊቀጥሩ ሳይሆን ጠመንጃ ሊገዙ ነው፤ ከጠመንጃ ይልቅ ሰው ይረክሳል የሚላቸው አሜሪካዊው ነው። የልብሳቸው ንጣትም የሚገርም ነው፤ እርሻ ላይ የዋለ ሰው ልብስ አይመስልም።

መሪው የሚተዋወቅበት ትዕይንትም ተቀይሯል። ካምቤይ ፀጉሩን ተላጭቶ መነኩሴ በመምሰል በሌባ የተያዘ ሕፃን ያድናል። አሜሪካዊው ክሪስ ግን የከተማው ሰዎች ከነጮች ጎን አይቀበርም ያሉትን የአንድ ነባር አሜሪካዊ ሬሳ በሠረገላ ወደ መቃብሩ ይወስዳል። በዚያው ዓመት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ ምግብ ቤቶች እየተቀመጡ ተቃውሞ ያሰሙ ነበር። ተመልካቹ ይሄን ሳያስታውስ ትዕይንቱን ያየዋል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ፍቅሩስ? ኪኩቺዮና ካትሱሺሮ እዚህ አንድ ሰው ሆነዋል፦ ቺኮ። የሜክሲኮ ገበሬ ልጅ ነው፣ ገበሬነቱን ይጠላል፣ ፔትራን ይወዳል። (የተጫወተው ጀርመናዊው ሆርስት ቡሆልዝ ነው፤ ሆሊውድ እንዲህ ነበረች።) በመጨረሻ ዝናሩን ፈትቶ እጅጌውን ይሰበስብና ከእሷ ጋር ይቀራል። በጃፓኑ ታሪክ ሊሻገሩት የማይቻለው የመደብ አጥር እዚህ አንድ ቀበቶ በመፍታት ታለፈ። አሜሪካ ስለ ራሷ ማመን የምትወደውን ነገር ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

ሁሉም እንደ ስተርጅስ አስፈቅዶ አልወሰደም። ጣሊያናዊው ሰርጆ ሊዮኔ “ዮጂምቦ” የተባለውን ሌላ የኩሮሳዋ ፊልም በ1964 ያለፈቃድ ወደ ካውቦይ ፊልም ቀየረው፤ ክሊንት ኢስትውድን ታዋቂ ያደረገው “ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ” ማለት ነው። ጃፓኖቹ ከሰሱ፣ ከፊልሙ የዓለም ገቢም 15 በመቶ አገኙ። ክርክሩ ግን ቀላል አልነበረም፤ ኩሮሳዋ ራሱ ከአሜሪካዊው የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ከዳሽል ሃሜት ሥራ ተምሯልና።

ወደ ህንድ እንሂድ። “ሾላይ” በነሐሴ 1975 ወጣ። እዚህ ሰባቱ ሁለት ሆነዋል፦ ጃይ (አሚታብ ባቻን) እና ቪሩ (ዳርሜንድራ)፤ ሁለቱም ሌቦች። የሚቀጥራቸውም ደሃ መንደር ሳይሆን ጋባር ሲንግ የተባለው ሽፍታ ሁለት እጁን የቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ፣ ታኩር ነው። ፊልሙ የወጣው ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁ ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ ታኩር ጋባርን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱሩ አልፈቀደም፤ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ፣ ይቅርታ፣ በእግሩ ሊወስድ አይችልም። በሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ፖሊሶች ደርሰው ሽፍታውን ያስሩታል።

ጃይ የሚወዳት ራዳን ነው። የታኩር ምራት ናት፤ ባሏን ጋባር ገድሎባታል። ነጭ ለብሳ ማታ ማታ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች፤ እሱ ከግቢው ማዶ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። ቃል አይለዋወጡም። በህንድ የባል ሞት የደረሰባት ሂንዱ ሴት ዳግም እንድታገባ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1856 ነው። ከ119 ዓመት በኋላ በተሠራው ፊልም ታኩር የራዳን አባት ያስፈቅዳል፣ አባትም እሺ ይላል። ከዚያ ጃይ ይሞታል። ሕጉም ቤተሰቡም ፈቅደው ሴራው ከለከለ። በነገራችን ላይ ቪሩ ጋሪ ነጂዋን ባሳንቲን ይዞ በደስታ ይሄዳል፤ እሷ ባል የሞተባት አይደለችማ።

ፒክሳር በ1998 “ኤ በግስ ላይፍ”ን ሲሠራ ገበሬዎቹን ጉንዳኖች፣ ሽፍቶቹን ፌንጣዎች አደረጋቸው። የተቀጠሩት ተዋጊዎች ደግሞ በስህተት የመጡ የሰርከስ ተጫዋቾች ናቸው። አንድ አስደናቂ ትዕይንት አለ። የፌንጣዎቹ አለቃ ሆፐር ለተከታዮቹ አንዲት ፍሬ ይወረውርባቸዋል፤ ይስቃሉ። ሌላ ይደግማል፤ አሁንም ይስቃሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ሙሉ ፍሬ ያፈስባቸውና ይቀብራቸዋል። ጉንዳኖቹ በቁጥር እንደሚበልጡን ካወቁ አለቀልን ማለቱ ነው። እዚህ ያለው ፍቅር ደግሞ በሠራተኛው ፍሊክና በልዕልት አታ መካከል ነው፤ በመጨረሻ አብረው ይሆናሉ፣ እሷም ትነግሣለች። ከውጭ የመጣ ተዋጊ በቃ አላስፈለገም።

የካውቦዩ ፊልም በ2016 እንደገና ተሠራ፤ መሪውን የሚጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን ነው። ሽፍታው አሁን የማዕድን ማውጫ ባለቤት ሆኗል። ተዋጊዎቹን ፈልጋ የምትቀጥረው ባሏ የተገደለባት ሴት ናት፤ ማንንም አታገባም፣ የመጨረሻዋን ጥይት ግን ራሷ ትተኩሳለች። የጃፓኑን፣ የ1960ውንና የ2016ቱን ፊልም አስተያይታችሁ መቃብሮቹን ብትቆጥሩ በሦስቱም ውስጥ ከሰባቱ አራት ይሞታሉ፣ ሦስት ይተርፋሉ።