ከአቤቱታ ወደ ሰልፍ፤ የወሎ ሕዝብ ጥያቄ ከ1958 እስከ 1970 ዓ.ም.

በ1958 ዓ.ም. የወረኢሉ አውራጃ ፖሊስ በአካባቢው ረኃብ መግባቱን ለበላዮቹ አስታወቀ። ወረቀቱ ከደሴ በስተደቡብ ካለው ደጋ ተነሥቶ አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ግን 302 ቀን ፈጀ። በመጨረሻም የተሰጠው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ከወሎ ተጽፎ ይቅረብ የሚል ነበር። ለሕያዋን እህል ሳይላክ ለሙታን መዝገብ መጠየቁ የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ተገዥው ለገዥው ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ያስረዳልና።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት ቢያቋቁምም፣ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሪቱ አልነበረም። በደል የደረሰበት ገበሬ የሚያውቀው መንገድ አቤቱታ ጽፎ ደጅ መጥናት ብቻ ነበር። የወሎ ጠቅላይ ግዛት ደግሞ ለረጅም ዘመን በአልጋ ወራሹ ስም ይተዳደር ስለ ነበረ፣ በአገሩ አስተዳደር ላይ የሚቀርብ ክስ በዘውዱ ላይ እንደ ቀረበ ክስ ሊቆጠር የሚችል ነበር። ስለዚህ ተቃውሞ የተደራጀ ቡድን ከመሆኑ በፊት በትምህርት ቤት ውስጥ በክርክር መልክ ተወለደ።

ደሴ ላይ የዚህ ክርክር ቤት የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በእቴጌ መነን እናት፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም ሲሆን፣ ከዚያው ግቢ የወጡት ወጣቶች ዘውዱን ከሞገቱት መካከል ግንባር ቀደም መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው። ከእነርሱ አንዱ ዋለልኝ መኮንን ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ከተሰለፉ በኋላ የተነሣውን ማዕበል ተከትሎ፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። የመናገሪያው በር ሁሉ በተዘጋበት አገር ወጣቱ ወደ እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ መገፋቱ ያሳዝናል፤ መንገዱ ግን ሰላማዊ መንገደኞችን ለአደጋ የሚያጋልጥ እንጂ ሕዝብን የሚያደራጅ አልነበረም።

ዋለልኝ በሞተበት ዓመት ወሎ እንደ ገና ተራበ። በየካቲት 1965 ዓ.ም. 1,500 ያህል ገበሬዎች እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ዋናው ከተማ በእግራቸው ተጓዙ። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ተጓዦቹ አዲስ አበባ ዳርቻ ሲደርሱ ፖሊስ አግዶ መለሳቸው። ይህ ጉዞ መፈክር አልተጻፈለትም፤ መሪዎቹም በታሪክ መጻሕፍት አልታወቁም። ነገር ግን ወረቀቱ 302 ቀን ስለሚፈጅበት ሕዝቡ ራሱ ወረቀት ሆኖ ሄደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበለጠ የሚያስገርመው ገበያው ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዚያ ዘመን በደሴ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እጅግ አልራቀም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። የጠፋው የሚሸጥ እህል ሳይሆን ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ነበር። በዚህ ረኃብ ያለቀው ሕዝብ ቍጥር እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ከ40,000 እስከ 200,000 ይባላል።

በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹም በግቢው ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለም እንዲያውቅ አደረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጐበኙት ከዚያ ወዲህ በኅዳር ወር ነው። የካቲት 11 ቀን መምህራን የትምህርት ክለሳውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሲሰለፉ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጡ። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ለሚኖሩበት ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በመንግሥት ደጃፍ መጠየቁ እንጂ።

በዚያው ዓመት የባለሥልጣኖችን ጥፋት፣ የወሎንም ረኃብ ጭምር የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሲዮን በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ተጠያቂው በሕግ ፊት ቆሞ እንዲመልስ መደረጉ ከአቤቱታው ዘመን የተለየ ነገር ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብር ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ኮሚሲዮኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከተገደሉት መካከል በረኃቡ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነበሩ። ፍርዱ ቢሰማ ኖሮ ወሎ ውስጥ ማን ምን እንደ ሠራ ሕዝቡ ባወቀ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የ1957ቱን ጥያቄ መለሰ። ሌላው ጥያቄ፣ የመናገርና የመደራጀት መብት፣ አልተመለሰም። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ያለው የሠራተኞች ማኅበር መሪዎቹ ታሰሩበት። ኢሕአፓ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. መኖሩን በይፋ ገልጾ ይህንኑ ጥያቄ ያዘ፤ መኢሶን ደግሞ ደርግን በሂስ እየደገፉ መለወጥ ይቻላል አለ። ሁለቱ ከደርግ ይልቅ እርስ በርሳቸው ተጠፋፉ፤ መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ሸሽቶ ኅቡእ ገባ። የቀይ ሽብር እሳት ደሴንም አልማራት፤ ትናንት ስለ ወሎ ረኃብ የጮኸው የተማሪ ትውልድ ዛሬ በየቀበሌው ይታደን ጀመር።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር የወሎ ገበሬ ቆሬም ላይ ይሞት ነበር። በዚያን ጊዜ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ የሚሰለፍ ገበሬ፣ ሥዕል አንሥቶ በግቢ የሚያሳይ መምህር አልታየም።