ዳሩኝ፣ አገባሁት፣ ተጋባን

አምበር በሄድኩ ቁጥር አያቴ «መቼ ነው የምታገባው?» ትለኛለች። ባለፈው ፋሲካ ግን ቀደምኳት። «አንቺስ መቼ አገባሽ?»

ሳቀች። «እኔ መች አገባሁ፤ ዳሩኝ እንጂ!»

አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሙሽራዋ እሷ መሆኗን ያወቀችው በቅሎ ላይ ሲያወጧት ነበር። እናቴን ስጠይቃት ደግሞ «አባትህን አገባሁት» አለችኝ። እህቴ አምና ፌስቡክ ላይ የጻፈችው «ተጋባን» ብላ ነው።

በሦስት ትውልድ ሦስት ግስ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነውና አንድ ነገር ሲቀየር ከሥሩ ምን እንደተነካ መፈለግ ልማዴ ነው። ብዙ ሰው «ዘመኑ ነው» ይላል። እኔ ግን ስቆፍር ያገኘሁት መሬት ነው።

በአያቴ ዘመን ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው «ዋና አባት» ድረስ ዘሩን መቁጠር ነበረበት። ስለዚህ ጋብቻ ለሚወለዱት ልጆች የሁለት ወገን ርስት መጠየቂያ ነው። ውሉ የወላጆች ነው፤ ከብቱንም ማጫውንም የሚደራደሩት እነሱ ናቸው። ልጅቷን የሚጠይቅ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ይሁን ሲል አያቴ ተድራ ዓመታት አልፈዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ርስት ቀረ፤ የወላጅም ጉልበት ላላ። ግን ወዲያው ነፃነት አልመጣም። የገበሬ ማኅበሩ መሬት የሚደለድለው ለአባወራ ነው፤ አባወራ ለመባል ደግሞ ጎጆ መውጣት ያስፈልጋል። አባቴ እናቴን ገበያ ላይ አይቶ ሽማግሌ ላከ። 15 ዓመቷ ነበር። «አየሁት፤ አልጠላሁትም» ትላለች። ምርጫዋ ያ ብቻ ነበር።

እኔ የተወለድኩት በ1989 ዓ.ም.፣ በክልላችን መሬት እንደገና የተሸነሸነ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ላደግነው የቀረ መሬት የለም። ወላጆቻችን ሊድሩን ቢያስቡ እንኳ ለጎጆ መውጫ የሚሰጡን አልነበራቸውም፤ በምትኩ ደብተር ገዙልን። ሕጉም ተከተለ፤ ፌዴራሉ በ1992፣ ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ለሁለቱም ጾታ ዕድሜውን 18 አደረጉት።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 16.2 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 23.9 ነው። ሰባተኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር። ጥር ላይ፣ ሠርግ ሲበዛ፣ ቀረች። «ተጋባን» የእህቴ እንጂ የሁሉም ቃል አይደለም።

እኔስ? የምወዳት ልጅ ጋር አዲስ አበባ በቴሌግራም ግሩፕ ነው የተዋወቅነው። በጓደኞቼ ቋንቋ «ጠበስኳት»፤ ሁለት ዓመታችን ነው። ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ነው። አባቷ የቢቸና ሰው ናቸው። ስለዚህ ሽማግሎች ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ተቀመጡ። ሰባተኛው ቤት ላይ አንድ ሰው 128 አያቶች አሉት፤ ሽማግሎቹ ያለ ወረቀት ነው የሚሠሩት። ርስት ሄዷል፣ ቆጠራው ግን አለ።

ማታ ደውላ «ቢገኝስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለሦስት ቀን አጣሁ። በአራተኛው ቀን «ዝምድና የለም» ተባለ፤ እፎይ አልኩ። ግን ጥያቄዋን ሳልመልስ መዳኔ እስካሁን ያሳፍረኛል። ነፃ ነን የምንለው የሚከለክለን እስኪመጣ ድረስ ይሆን?

ለአያቴ «ቆጠራው አልቋል» ብዬ ነገርኳት።

«ልጅቱንስ ጠየቃችኋት?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያ ጨርሳችኋል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።