ስም የለወጣቸው ክፉዎች

የሰፈር ቪዲዮ ቤት ያሳደገው ትውልድ ሁለት ሕጎች ያውቃል። አክተሩ አይሞትም፤ ክፉው አይለወጥም። የአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍትም ለብዙ ዘመን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በዚሁ ሕግ ሲተዳደሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ደራሲው ከርት ቢዩሲክና ሠዓሊው ማርክ ባግሊ «ተንደርቦልትስ» የሚል ተከታታይ ኮሚክ ይዘው ብቅ አሉና ሁለተኛውን ሕግ አናጉት።

ጊዜው ለአሳታሚው ለማርቭል ክፉ ጊዜ ነበር። ኩባንያው በ1996 መጨረሻ ላይ ከስሮ ፍርድ ቤት ደጅ ጠንቷል። የታሪኩ ዓለምም ቢሆን ጭር ብሏል። «አቬንጀርስ» እና «ፋንታስቲክ ፎር» ኦንስሎት ከተባለ ባላጋራ ጋር ሲዋጉ አልቀዋል ተብሎ ተለቅሷል። ኒውዮርክ ፈራርሳለች። ሕዝቡ «ከእንግዲህ ማን አለን?» በሚልበት ሰዓት ነው ስድስት አዳዲስ ጀግኖች የደረሱለት፦ ሲቲዝን ቪ፣ ሜቲዮራይት፣ ሶንግበርድ፣ አትላስ፣ ማክ-1 እና ቴክኖ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አንባቢውም አብሮ አጨበጨበ።

ጉዱ የተሰማው በቁጥር 1 የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ለካስ እነዚህ ጀግኖች የአቬንጀርስ የቆዩ ጠላቶች፣ «ማስተርስ ኦቭ ኢቭል» ናቸው! ሲቲዝን ቪ ተብዬው ባሮን ሄልሙት ዚሞ፣ የናዚ ሳይንቲስት ልጅ ነው። የለበሰው ልብስና የያዘው ስም ደግሞ የገዛ አባቱ የገደለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና ነበር። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ የሕዝብን አመኔታ ማግኘት፣ የመንግሥትን ምስጢር በእጅ ማስገባት፣ ከዚያ ዓለምን መግዛት።

እኛ አገር «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የእነዚህን ስም ያወጣው ግን መልአክ አልነበረም፤ የማጭበርበሪያ ዕቅድ ነው። ታሪኩን የማይረሳ ያደረገውም ይኸው ይመስለኛል።

እስቲ ሶንግበርድን እንያት። ትክክለኛ ስሟ ሜሊሳ ጎልድ ነው። ከቤቷ የጠፋች፣ በነጻ ትግል መድረክ ላይ ያደገች፣ በድምፅዋ ሰው የምትጥል ልጅ ናት። በ1979 ስትፈጠር «ስክሪሚንግ ሚሚ» ተባለች፤ ጯሂዋ ሚሚ እንደማለት ነው። አሁን «ዘማሪ ወፍ» ሆነች፤ ድምፅዋም ጩኸት መሆኑ ቀርቶ ክንፍ ሆነላት። አትላስ የተባለው ኤሪክ ጆስተን በ1965 የመጣ ቅጥረኛ ነው፤ ከዚህ በፊት ሦስት የወንጀል ስሞች ቀያይሯል። ሜቲዮራይት፣ ማለትም ካርላ ሶፈን፣ የአእምሮ ሐኪም ነበረች። ኃይሏን ያገኘችው የራሷን ታካሚ አታልላ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ሰው አመሰገናቸው። ካዳኑት ሰው ዓይን ውስጥ ራሳቸውን እንደ ጀግና አዩት። በኦንስሎት ጦርነት ወላጆቿን ያጣች ጆልት የተባለች ታዳጊ ምስጢራቸውን ሳታውቅ መጥታ ተቀላቀለች፤ በሙሉ ልቧም አመነቻቸው። ልጅ ያመነውን ሰው መክዳት እንዴት ይከብዳል! ዚሞ ጓደኞቹ እየተወዛወዙ መሆናቸውን ሲያይ ራሱ ማንነታቸውን ለሕዝብ አጋለጠ። የመመለሻውን መንገድ ዘግቶ እጁ ላይ ሊያስቀራቸው ነበር። እነ ሶንግበርድ ግን ዞረው እሱኑ ተዋጉት። በውሸት የለበሱት ልብስ እውነት ሆኖ አረፈው።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የምትሉ አትቸኩሉ፤ ደራሲው እናንተንም አልረሳችሁም። ቴክኖ ከዚሞ ጋር ቀረ። ካርላ መልካም ስትሠራም ጥቅሟን እያሰላች ነው። መለወጥ የሁሉም ዕጣ አይደለም።

መለወጥ ዕዳ እንደማይሰርዝም ታሪኩ ያውቃል። በ1998 ሆክአይ መሪ ሆኖ መጣ። እሱ ራሱ በ1964 የአይረን ማን ጠላት ሆኖ ጀምሮ በዓመቱ አቬንጀርስን የተቀላቀለ ሰው ነው። ሁለተኛ ዕድል ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ቢሆንም የማክ-1ን ባለቤት አብነር ጄንኪንስን፣ ቀድሞ በፈጸመው ግድያ ምክንያት እጅህን ስጥ አለው። አብነርም ወህኒ ወረደ። ከመቶ ውጊያ ይልቅ ሰውየው መለወጡን ያሳየኝ ይህ ነው፤ ይቅርታን መፈለግ አንድ ነገር ነው፣ ዋጋውን መክፈል ሌላ።

የቡድኑ ስም ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ2007 የስፓይደርማን ጠላት ኖርማን ኦስቦርን መሪ ተደርጎ፣ ወንጀለኞቹ በመንግሥት ፈቃድ ጀግኖችን ያድኑ ጀመር። ያኔ ስሙ አለ፤ መለወጡ የለም። በ2025 ደግሞ ፊልም ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አንድም ሰው የለበትም። መጨረሻው ላይ ግን ቫለንቲና የተባለችው ባለሥልጣን ራሷን ከተጠያቂነት ለማዳን፣ እነዚያን የተሰባበሩ ሰዎች ጋዜጠኞች ፊት አቁማ «አዲሶቹ አቬንጀርስ» ብላ ታስተዋውቃቸዋለች። አሁንም ስም አውጪው ውሸታም ነው። የቀረው የባለስሞቹ ሥራ ነው።

እኛም ሰፈር ውስጥ «ሌባው» የሚለው ስም እስከ መቃብር የሚከተለው ሰው አይጠፋም። ቢለወጥ እንኳ ማን ይጠራዋል በሌላ ስም? አንድ ቀን በአዲስ ስም ብንጠራው ምን ይሆን ነበር? እናንተስ ምን ትላላችሁ?