ፊት የሚያስታማ ነገር

ግንደወይን ተማሪ ሳለን ፊቱ ላይ ብጉር የወጣበት ልጅ መንገድ ላይ ሰላም አያገኝም ነበር። «ምነው፣ ሚስት አማረህ እንዴ?» ይሉታል። ሴት ከሆነች ግን ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ ከጀርባዋ ነው የምትታማው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

እርግጥ ነው፣ ብጉር ከጉርምስና ጋር ይመጣል። በዚያ ዕድሜ የሚጨምሩ ሆርሞኖች ወዝ አመንጪ ዕጢዎችን ያነሣሣሉ፤ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እዚያ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል። ሚስት የሚያምረውም የማያምረውም ያወጣዋል። (ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንት ልቦለድ አነበብኩ፤ ብጉር ያለበት አፍቃሪ ግን ትዝ አይለኝም። ሁሉም ፊታቸው ጥርት ያለ ነው!)

መድኃኒታችን እሬት ነበር። አናት ላይ የሚቀመጠውን፣ ቀልጦ ግንባር ላይ የሚወርደውን ቅቤ ግን ማንም አልጠረጠረም። በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ከጸጉር ቅባት የሚመጣውን የግንባር ብጉር ለይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ወሬው ግንደወይን አልደረሰም።

ሐኪም ጋ መሄድስ? ኧረ ተዉኝ! ያኔ የቆዳ ሕክምና ሲባል ዘነበወርቅ፣ ዘነበወርቅ ሲባል ሥጋ ደዌ ነው። አዲስ አበባ ያለው ይህ ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ በፊት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ግቢ አለርት ተመሠረተና ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች ይሠለጥኑበት ጀመር። ዛሬ ማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ፍርሃቱ ግን ከበሽታው በላይ ዕድሜ አለው። ሐኪም ጋ ታየች ከመባል ሱቅ ገብቶ ቅባት መግዛት ይቀላል።

ሱቅ የሚሸጠው ቅባት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያስታግስ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ትልቅ ግኝት ነው፤ ለችፌ። ከዚያ በኋላ ከእሱ እጅግ የበረቱ ተሠሩ፣ ቤታሜታዞንን የመሰሉ። ፊት ላይ ሲቀቧቸው ቅላቱን በቀናት ውስጥ ያጠፉታል፣ ያቀላሉም። ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ፤ ሲያቆሟቸው ፊቱ ይነድዳል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። አምና አገር ቤት ስሄድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ቤት ውስጥም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አገኘኋት። ጉንጮቿ ቲማቲም መስለዋል።

«ለምን አትተዪውም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ስተወው ይብስብኛል።»

ባሕር ዳር ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ቅባቱን እንድትተው፣ ፊቷ ለጥቂት ሳምንታት እንደሚብስ፣ ከዚያ በቤንዞይል ፐርኦክሳይድ እንደምትጀምር፣ ለውጡም ከሁለት ወር በፊት እንዳይጠበቅ ነገሯት። ሁለት ወር ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ዘመን ነው። አለቀሰች። ግን ተወችው።

በኋላ ደውዬ «ቅባቱን ጣልሽው?» ብላት፣ «በብር የተገዛ እንዴት ይጣላል ጋሼ!» አለችኝ። «ለጓደኛዬ ሰጠኋት።»